የብስኩቱ ጀርባ ላይ «ስኳር 3.3 ግ» ይላል፤ የስንቱ ብስኩት ነው?

የቧንቧ ውሃ ልጅ (ደሴ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ነው የምኖረው። እናቴ ስኳር እንዳለባት ካወቅን ሁለት ወር ሊሞላን ነው። ደም ብዛትም አለባት። ክትትል የምታደርግበት ቦታ «ጨው በቀን ከ5 ግራም አይበልጥ፣ ጣፋጭ ቀንሺ፣ የታሸገ ነገር ስትገዢ ጀርባውን አንብቢ» ብለው መከሯት። ፊደሉ ስለሚያንስባት አንባቢዋ እኔ ሆንኩ።

እማዬ ከሻይ ጋር ብስኩት ትወዳለች። ጀርባውን ሳየው ስኳር 3.3 ግ ይላል። ይሄማ ምንም አይደል ብዬ ፈቀድኩላት። ሁለት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ አንድ እሽግ በላች። ትናንት ማታ ባዶውን እሽግ ልጥል ስል አምፖሉ ስር ደግሜ አየሁት። ከ3.3 በላይ በደቃቁ «በ15 ግ» ተብሎ ተጽፏል። እሽጉ ደግሞ 60 ግራም ነው። ክው ነው ያልኩት። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ሠንጠረዡን እንዳለ ልገልብጥላችሁ።

በ100 ግ፦ ኃይል 1,898 ኪሎ ጁል / 451 ኪሎ ካሎሪ፤ ቅባት 15 ግ፤ ካርቦሃይድሬት 72 ግ፤ ከዚህ ውስጥ ስኳር 22 ግ፤ ፕሮቲን 7 ግ፤ ሶዲየም 320 ሚግ።

በ15 ግ (3 ፍሬ)፦ ስኳር 3.3 ግ፤ ሶዲየም 48 ሚግ።

የትኛውን ነው የማየው? ያ 1,898 የሚለው አስፈሪ ቁጥርስ ምንድን ነው? ጨው አይልም፣ ሶዲየም ነው የሚለው፤ ከ5 ግራሙ ጋር እንዴት ላወዳድረው? ደግሞ እኛ ቤት ግራም የሚባል ነገር የለም። ያለው ጣሳ፣ ስኒ፣ ማንኪያና እፍኝ ነው። እባካችሁ የሚያውቅ ሰው ቁጭ አድርጎ ያስረዳኝ።

---

የሐረጎ መንገደኛ (ደሴ – ኮምቦልቻ)

እህቴ አብሽሪ። ኮምቦልቻ ውስጥ ምግብ የሚያሽግ ድርጅት ጥራት ክፍል ነው የምሠራው። ጠዋት ሐረጎን ወርጄ ማታ የምወጣ ሰው ነኝ። የተሳሳትሽው አንቺ ብቻ አይደለሽም። ያንን 15 ግራም የመረጠው አምራቹ ነው። ሦስት ፍሬ በልቶ ቀሪውን መልሶ የሚጠቀልል ሰው ግን ስንት አለ? እኔ በበኩሌ አላየሁም።

ስለዚህ ሁልጊዜ መጀመሪያ «በ100 ግ» የሚለውን እዪ። ለምን መሰለሽ? እሱ ለሁሉም ዕቃ አንድ ነው። ሁለት ብስኩት ጎን ለጎን አስቀምጠሽ የትኛው እንደሚጣፍጥ በእሱ ታውቂያለሽ። 22 ግራም በ100 ግራም ማለት ከብስኩቱ 22 በመቶው ስኳር ነው ማለት ነው። ቀጥለሽ «የተጣራ ክብደት» የሚለውን ፈልጊ። ያንቺው 60 ግራም ነው። 22 ሲባዛ በ60፣ ሲካፈል ለ100፣ 13.2 ግራም። እናትሽ በቀን ከብስኩቱ ያገኙት ስኳር ይሄ ነው። አፉ የተስተካከለ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ስለሆነ ሦስት ማንኪያ አለፍ ይላል።

ስሞቹ አያስፈሩሽ። ኪሎ ሺህ ማለት ነው። ኪሎ ግራም ሺህ ግራም ነው። ሚሊ የሺህ አንድ ነው። አንድ ግራም ሺህ ሚሊ ግራም አለው። ማይክሮ ደግሞ የሚሊውም የሺህ አንድ ነው። ኩንታሉን ታውቂዋለሽ፣ መቶ ኪሎ። ከኩንታል እስከ ማይክሮ ግራም አንድ መሰላል ነው፤ ስትወርጂ ዜሮ ትጨምሪያለሽ፣ ስትወጪ ዜሮ ትቀንሻለሽ። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ጂ ብቻውን ግራም ነው፣ ኤም ከፊቱ ከገባ ሚሊ ግራም። ያቺን ኤም መዝለል ሺህ እጥፍ መሳሳት ነው።

1,898ም አያስደንግጥሽ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 25,000 ሜትር ብትዪው መንገዱ አይረዝምም። ኪሎ ጁልና ኪሎ ካሎሪም እንደዚያው ናቸው፤ አንዱን ኃይል በሁለት መለኪያ መንገር ነው። አንድ ኪሎ ካሎሪ 4.2 ኪሎ ጁል ገደማ ነው። በየመንገዱ «ካሎሪ» የምንለው ይሄንኑ ኪሎ ካሎሪ ነው። ከፈለግሽ ራስሽ አረጋግጪው። አንድ ግራም ቅባት 9 ይሰጣል፤ ካርቦሃይድሬትና ፕሮቲን 4፣ 4 ይሰጣሉ። 15 በ9፣ 135። 72 በ4፣ 288። 7 በ4፣ 28። ደምሪው፤ 451 ይመጣል። ሠንጠረዡ እርስ በርሱ ሲታረቅ ማየት እኔን እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል።

---

ሰላም ነኝ ከአራዳ (ደሴ)

የካሎሪው ነገር ዛሬ ነው የገባኝ። ሁልጊዜ ትልቁን ቁጥር እያየሁ ዕቃ እመልስ ነበር። ተባረክ ወንድሜ።

---

ነጭ ጋዋን (ደሴ)

ነርስ ነኝ። ደም ብዛትና ስኳር ያለባቸውን ነው ዘወትር የማየው። ሶዲየሙን እኔ ልመልስ።

ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም ሁለት አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ሶዲየሙን በ2.5 ስታበዢው ጨው ይሆናል። ግን መጀመሪያ ከሚሊ ግራም ወደ ግራም አምጪው። ያንቺ ብስኩት በ100 ግራም 320 ሚሊ ግራም ሶዲየም አለው። ለሺህ ሲካፈል 0.32 ግራም። በ2.5 ሲባዛ 0.8 ግራም ጨው። በ60 ግራሙ እሽግ ደግሞ ግማሽ ግራም ገደማ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ2,000 ሚሊ ግራም ሶዲየም በታች ይላል። ያ ነው በጨው 5 ግራም የሚሆነው። አንድ አፉ የተስተካከለ የሻይ ማንኪያ ጨው እንኳ 6 ግራም አካባቢ ነው። እና የቀኑ ድርሻ ሙሉ ማንኪያ አይሞላም፤ ወጡም፣ ዳቦውም፣ ብስኩቱም ተደምሮ።

«ታዲያ የወጡን ጨው በምን እለካለሁ?» ብለው የሚጠይቁኝ እናቶች ብዙ ናቸው። እኔ የምነግራቸው ይህን ነው። የጨው ከረጢት ስትከፍቺ ቀኑን በእስክሪብቶ ጻፊበት። ሲያልቅ ቁጠሪ። አምስት ሰው ያለበት ቤት ለሠላሳ ቀን በአምስት አምስት ግራም 750 ግራም ይበቃዋል። አንድ ኪሎው በወር ካለቀ ለአንድ ሰው በቀን 6.7 ግራም ወርዷል ማለት ነው። በርበሬና ሽሮ ውስጥ ገብቶ የመጣውም አልተቆጠረም። ሚዛን የለ፣ ማንኪያ የለ፣ ግን እውነቱን ይነግርሻል። ለሕፃናት የሚበቃው ከዚህ ያነሰ መሆኑን አትርሺ።

ስኳሩን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ስኳር ላለበት ሰው «ከዚህ ውስጥ ስኳር» የሚለውን መስመር ብቻ ማየት አይበቃም። ከላዩ ያለውን ካርቦሃይድሬት እዪ። ስኳሩ የዚያ አካል ነው። ዱቄቱም ሆድ ውስጥ ገብቶ ወደ ስኳርነት ይቀየራል። ከ60 ግራሙ እሽግ ካርቦሃይድሬቱ 43 ግራም ነው። «ስኳር አልተጨመረበትም» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ብስኩት ሦስት እሽግ በልተው የሚመጡ ሰዎች አሉ፤ እውነት አንጀቴን ይበሉኛል።

እናትሽ የስኳር መድኃኒት ከጀመሩ ደግሞ ምግባቸውን በአንዴ አትቁረጪባቸው። ስኳር ከመጠን በላይ መውረዱም አደገኛ ነው። መጀመሪያ የሚከታተላቸውን ሐኪም አማክሪ። ራስሽን ግን አትውቀሺ። አንብበሽ ነው የተሳሳትሽው፤ የማያነበው ነው የሚያሳስበኝ።

---

የሰኞ ገበያ ሽማግሌ (ደሴ)

ልጆቼ፣ ስታወሩ አየሁና እኔም አንድ ነገር ልበል። ዕድሜዬን በሙሉ እህል ስነግድ ኖሬያለሁ። ጣሳና ቁና ሲያጣላ ያየሁትን ያህል ሌላ ነገር ሲያጣላ አላየሁም። ቁና እንደ አገሩ ይለያያል። ጣሳም ቢሆን አንዱ ይቆልልለታል፣ አንዱ በመዳፉ ይልጠዋል። ሚዛን ሲመጣ ጭቅጭቁ ቀነሰ።

ነገር ግን ለቤት ውስጥ ምግብ ግራም መቁጠር ይከብደኛል። እናቶቻችን በእጃቸው ቆንጥረው አስተካክለው አብልተውናል። ለእንግዳ እንጀራ ስናቀርብ ግራም ልንጠይቅ ነው? ወሎ ውስጥ እንግዳ «ጨምር» ሳይባል አይነሳም። ምግብ ፍቅር ነው፤ ፍቅር ሲለካ ደግሞ ይቀዘቅዛል።

---

የቧንቧ ውሃ ልጅ (ደሴ)

አባባ፣ ስለ ምክርዎ አመሰግናለሁ። እንግዳ ፊት ሚዛን አላወጣም፤ እማዬ ራሷ ትገድለኛለች። ግን አባባ፣ እኔ የምለካው ከፍቅር ለመቀነስ አይደለም። እማዬ እንድትቆይልኝ ነው።

---

የሰኞ ገበያ ሽማግሌ (ደሴ)

እንዲያ ከሆነስ ለኪ ልጄ። እናትሽን አላህ ያቆይልሽ።

---

ዳቦ ቤት (ኮምቦልቻ)

ዳቦ ጋጋሪ ነኝ። እንጀራዬ ሚዛን ላይ ስለሆነ ይህ ክር ልቤን ነካው።

ነጭ ጋዋን ዳቦውም ይደመራል ያለችው ልክ ነው፤ ዳቦ ላይ ደግሞ ሠንጠረዥ የለም። እኔ ግን ልንገራችሁ። 50 ኪሎ ዱቄት አንድ ኪሎ ጨው ይገባበታል። ከውኃው ጋር ሊጥ ሆኖ፣ ተጋግሮ፣ እንፋሎቱ ወጥቶ 70 ኪሎ ገደማ ዳቦ ይወጣል። አንድ ኪሎውን ጨው ለ70 ኪሎ ዳቦ ብታካፍሉት ከ100 ግራም ዳቦ ውስጥ 1.4 ግራም ጨው አለ። ለቁርስና ለምሳ 200 ግራም የበላ ሰው የቀን ድርሻውን ግማሽ ጨረሰ። ጨው ጨው ሳይለው።

ሌላው ሰው የሚሳሳትበት ሊትርና ኪሎ ነው። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ነገር እንደዚያ ይመስላቸዋል። ዘይት ግን ይቀላል። አንድ ሊትር ዘይት 920 ግራም አካባቢ ነው። የ5 ሊትር ጄሪካን ውስጡ 4.6 ኪሎ ነው፤ ጎደለ ብላችሁ ከባለሱቅ አትጣሉ። ማር ደግሞ ይከብዳል። አንድ ሊትር ማር 1.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በሊትር ዕቃ ሞልታችሁ «ኪሎ ማር» ብላችሁ የምትሸጡ ካላችሁ 400 ግራም እየመረቃችሁ ነው።

ዱቄት ከሁሉም ያስቸግራል። አንድ ጀማሪ ልጅ ነበረኝ። ለኬክ «በዚህ ብርጭቆ አራት» ብዬው ወጣሁ። እሱ ብርጭቆውን ከረጢቱ ውስጥ እየጠቀጠቀ ቀዳ። እኔ ደግሞ የተነፋውን በማንኪያ እያፈሰስኩ ነበር የምሞላው። ኬኩ እንደ ጡብ ወጣ። በኋላ ሁለቱንም መዘንናቸው። የእኔ ብርጭቆ 125 ግራም፣ የእሱ 160። ያው ብርጭቆ፣ ያው ዱቄት። ከዚያ ቀን ወዲህ ዱቄት በብርጭቆ ሰፍሬ አላውቅም።

---

ሩብ ኪሎ (ኮምቦልቻ)

እኔም የዲጂታል ሚዛን ገዛሁ። 100 ግራም ቡና አስቀምጬ 3.5 አለኝ። ልመልሰው ነበር። በኋላ ሳየው ጥግ ላይ ኦ እና ዜድ የሚሉ የላቲን ፊደላት በርተዋል። ምንድን ነው?

---

የሐረጎ መንገደኛ (ደሴ – ኮምቦልቻ)

አትመልሰው ወንድሜ። አውንስ ላይ ሆኖ ነው። አንድ አውንስ 28.35 ግራም ነው፤ 100 ግራም 3.5 ይሆናል። ሚዛኑ ደህና ነው። ከታቹ ወይም ከፊቱ መለኪያ መቀየሪያ ቁልፍ አለ። ጂ እስኪመጣ ድረስ ተጫነው። አንዳንዱ ላይ ኤም ኤል (ሚሊ ሊትር) የሚልም ይመጣል። እሱ ለውኃ ብቻ ነው የሚያገለግለው፤ ዘይት ስትመዝን አትመነው።

ባዶ ሳህን አስቀምጠህ ታር የሚለውን ወይም ዜሮውን ብትጫን ሳህኑን ይረሳልሃል። ከዚያ በኋላ የምትጨምረውን ብቻ ነው የሚቆጥረው። ሚዛኑ ልክ መሆኑን ማወቅ ከፈለግክ ደግሞ ያልተከፈተ የግማሽ ሊትር ውኃ አስቀምጥበት። ከ500 ትንሽ አለፍ ካለ፣ ያቺ ትርፍ የፕላስቲኩ ናት። 450 ወይም 560 ካለህ ግን ባትሪውን እይ።

---

እመጫት (ደሴ)

ይቅርታ፣ ከጉዳዩ ትንሽ ልውጣ። የጨው እሽግ ላይ «አዮዲን 30 ሚግ/ኪግ» ይላል። ለእኔ ለአጥቢ ይበቃል ወይ?

---

ነጭ ጋዋን (ደሴ)

እንኳን ማርያም ማረችሽ እህቴ። ከጉዳዩ አልወጣሽም፤ መሰላሉን ነው የወረድሽው። በአንድ ኪሎ 30 ሚሊ ግራም ማለት በአንድ ግራም ጨው 30 ማይክሮ ግራም ማለት ነው። 5 ግራም ጨው 150 ማይክሮ ግራም ይሰጣል። ለአዋቂ የሚመከረው በቀን ልክ ይሄ ነው። እርጉዝና አጥቢ ግን 250 ያስፈልጋታል። ይህን ለመሙላት ብለሽ ጨው አትጨምሪ፤ እንቁላል፣ ወተትና ዓሣ ይረዱሻል። ለክትባት ስትሄጂ ጠይቂያቸው። ጨውሽን ደግሞ በተከደነ ዕቃ፣ ከእሳትና ከፀሐይ አርቀሽ አስቀምጪ። አዮዲኑ እየተነነ ያልቃል። ወጡ ላይም መጨረሻ ላይ ጨምሪው።

---

የቧንቧ ውሃ ልጅ (ደሴ)

ከስምንት ቀን በኋላ ተመልሻለሁ። ከጎረቤት ሚዛን ተውሼ አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ የቤታችንን ዕቃ መዘንኩ። እማዬ መደቡ ላይ ቁጭ ብላ ታየኛለች። መጀመሪያ «ወርቅ ነው የምትመዝኚው?» ብላ ተቆጣች። ከዚያ ራሷ ተነስታ «እስቲ የኔን ማንኪያ» አለች።

የእሷ ማንኪያ ጉድ አወጣን። እኔ በቢላ ጀርባ አስተካክዬ ስመዝነው ስኳሩ 4 ግራም ነው። «አንቺ እንደምትጨምሪው አድርጊው» አልኳት። ቆለለችው። 7 ግራም። እሷ በአንድ ብርጭቆ ሻይ ሦስት ታደርግ ነበር፤ በቀን ሦስት ብርጭቆ። ቁጭ ብለን ደመርን። 63 ግራም። ብስኩቱ ሳይቆጠር። ዝም ብላ ሚዛኑን አየችው። እኔም ምንም አላልኩም። ሁለት ማንኪያ አድርጋ የምትተው መስሎኝ ነበር፤ በማግስቱ አንድ ብቻ አደረገች፤ እሱንም በጣቷ አስተካክላ። ያለ ምንም ስኳር የጠጣችው ደግሞ ትናንት ነው፣ ቀረፋና ቅርንፉድ አብዝቼበት።

የቡና ስኒያችን እስከ አፉ 70 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ጣሳችን ሽሮ ሲሞላ አንድ ቁጥር፣ ምስር ሲሞላ ሌላ ቁጥር ሰጠኝ፤ ዳቦ ቤት እንዳለው ነው። ሁለቱንም ጣሳው ወገብ ላይ በማርከር ጻፍኩ። እንጀራችን 340 ግራም ሆነ። መጀመሪያ የጤፍ ዱቄቱን ካሎሪ ወስጄ በ340 ላሰላ ነበር። ቁጥሩ ሰማይ ደረሰ። ከዚያ ውኃው ትዝ አለኝ። ዱቄት ደረቅ ነው፣ እንጀራ ከግማሽ በላይ ውኃ ነው። የሐረጎ መንገደኛን በውስጥ መስመር ጠይቄው እሱም እንዲህ አለኝ፤ መኮሮኒም ደረቁ 100 ግራም ሲቀቀል ከሁለት እጥፍ በላይ ይመዝናል፣ እሽጉ ላይ ያለው ቁጥር ግን የደረቁ ነው። እና ከመቀቀሌ በፊት መመዘን ጀመርኩ።

አሁን ሚዛኑን በየቀኑ አላወጣም። አያስፈልገኝም። ዕቃዎቼን አውቃቸዋለሁ። ጨው ከረጢቱ ላይ ቀኑን ጽፌያለሁ፣ ገና አላለቀም። ሐኪሙንም ስለ ብስኩቱ ጠየቅነው። ከሻዩ ጋር ሦስት ፍሬ ተፈቀደላት፤ ያቺው 15 ግራም። ቀሪውን ቁም ሣጥን ውስጥ እኔ ነኝ የምቆልፈው።

---

ሰላም ነኝ ከአራዳ (ደሴ)

እታለም፣ ሚዛኑን መልሰሽዋል? እኔም የአባቴን ማንኪያ ማየት እፈልጋለሁ። እሱም ይቆልላል።

---

የቧንቧ ውሃ ልጅ (ደሴ)

እስከ እሑድ እኔ ዘንድ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ለቡና ነይ። ማንኪያውን ይዘሽ ነይ እንጂ የእኛ አይሆንሽም፤ እሱ የሚቆልልበት ራሱ ነው መመዘን ያለበት።